የጭነት መኪና የጎማ ዳዶ አልፈታ ሲል

በቡሌ ደጋ የሚመረተው ገብስ፥ ባቄላ፥ ጥቅል ጎመንና የእንሰት ውጤት ወደ ሰፊ ገበያ የሚደርሰው ቁልቁል ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያም የሚመጣው በዚያው ነው። ስለዚህ ጎማው ተንፍሶ፥ ዳዶው አልፈታ ብሎ አንድ ቀን መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ጉዳቱ የባለንብረቱ ብቻ አይሆንም። ጎመን በሸራ ሥር ታፍኖ ይበላሻል። ከታችኛው ወይና ደጋ የተጫነ እሸት ቡና ከሆነም በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፤ ደረጃውም ይወርዳል። የእርሻ ባለሙያዎች ስለ ዳዶ መጻፋችን የሚገርመው አንባቢ ካለ ምክንያታችን ይኸው ነው።

ዳዶ ለምን ይነክሳል?

አብዛኛውን ጊዜ ዳዶው የሚበላሸው ባለፈው ሲታሰር ነው። ረዳቱ በመፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ይቆምበታል፤ እንዲያውም ይዘልበታል። ሒሳቡን እንመልከት። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ1 ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ ቢቆም ኃይሉ ወደ 600 ኒውተን ሜትር ይጠጋል። ይህም 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው የከባድ መኪና ቡሎን የሚበቃ ነው። ቧንቧው 2 ሜትር ሲሆን ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ ቡሎኑም ይለጠጣል፥ ፊሌቶው ይታኘካል። በአይሱዙው ቀጠን ያለ ቡሎን ላይ ሲሆን ጉዳቱ የባሰ ነው።

ከዚህ ላይ የአካባቢው ጠባይ ይጨመራል። ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን በብዛት ስለሚያዝ ታምቡሩና ሞዞው ይግላሉ፤ ወዲያው ውሃና ቀይ ጭቃ ይረጭባቸዋል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ዝገቱ ፊሌቶው ውስጥ ገብቶ ዳዶውንና ቡሎኑን ያጣብቃቸዋል።

ከጉልበት በፊት አቅጣጫ

ዳዶ፥ ቡሎን፥ ክሪክ፥ ሞዞ የምንላቸው ስሞች ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው፤ ዛሬ በገጠር መንገድ ምርት የሚያመላልሰው መኪና ግን በአብዛኛው የጃፓን አይሱዙ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ መኪና ላይ ነው። በቆየው የጃፓን አሠራር በመኪናው ቀኝ በኩል ያሉት ዳዶዎች እንደተለመደው ወደ ግራ ሲዞሩ ይፈታሉ። በግራ በኩል ያሉት ግን ፊሌቷቸው ግራ ስለሆነ የሚፈቱት ወደ ቀኝ ሲዞሩ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «እምቢ አለ» እያለ ቧንቧ ሲያስረዝም እያጠበቀ ነው፤ በመጨረሻም ቡሎኑን ይቆርጠዋል። አልፈታ አሉ ከሚባሉት ዳዶዎች ጥቂት የማይባሉት እንዲህ ያሉ ናቸው ብለን እናምናለን።

ለማስታወስ የሚረዳ ዘዴ አለ። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ዳዶው በሁለቱም ጎን የሚፈታው መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ጎማው በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ነው። አዳዲስ አይሱዙዎችና እንደ ሲኖትራክ ያሉ ከባድ መኪናዎች ግን በሁለቱም ጎን ቀኝ ፊሌቶ ሊኖራቸው ስለሚችል በስማቸው ብቻ መፍረድ አይገባም። የቡሎኑን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ማየት ይበጃል፤ «ኤል» የሚለው የላቲን ፊደል ከተቀረጸበት ግራ፥ «አር» ከሆነ ቀኝ ነው። ምልክት ከሌለ የፊሌቶውን ዝንባሌ ከቀኙ ጎማ ጋር ማስተያየት ነው።

በቆየው አሠራር የኋላው ጥንድ ጎማ ሁለት ዓይነት ዳዶ አለው። የውስጡ ዳዶ የውስጡን ጎማ፥ የውጭው ዳዶ የውጩን ጎማ ይይዛል። የውጭው ሲፈታ የውስጡ ተጣብቆ አብሮት ቢወጣ፥ የውስጡ ጎማም መላላቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

አፈታቱ

ጎማው መሬት ሳይለቅ፥ የእጅ ፍሬን ተይዞና በሌሎቹ ጎማዎች ሥር ታኮ ተደርጎ፥ ዳዶዎቹ ሁሉ በጥቂቱ ይላላሉ። ክሪክ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የቡሌ አፈር ዝናብ ሲጠግብ ክሪኩን ስለሚውጥ ወፍራምና ሰፊ ሳንቃ ከሥሩ ይነጠፍ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

የነከሰውን ዳዶ ፊሌቶ ከጭቃና ከዝገት ካጸዱ በኋላ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፥ ከሌለም ጥቂት የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ናፍጣ ያንጠባጥቡበት። ጎማውንና የፍሬን ሸራውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ሌሊቱን ቢያድር ይሻላል። በየመካከሉ የዳዶውን ጎኖች በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ዘይቱ እንዲሰርግ ይረዳል። ቤንዚን አይጠቀሙ። ከዚያም በልኩ የሆነ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ እስከ መጨረሻው ገብቶ፥ መፍቻው በድጋፍ ቀጥ ብሎ ተይዞ፥ ሳይዘሉ ቀስ በቀስ ይጫኑት። ሲንቀሳቀስ በአንድ ትንፋሽ አያውጡት፤ ግማሽ ዙር ፈትተው ሩብ ዙር ይመልሱ፥ ዘይትም ይጨምሩ።

ማዕዘኑ ለተበላ ዳዶ አንድ ቁጥር ያነሰ ቡሶላ በመዶሻ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ይህም ካልሆነ፥ ወይም ቡሎኑ አብሮ የሚዞር ከሆነ፥ ዳዶውን በአንድ ጎኑ ከቡሎኑ ርዝመት ጋር ትይዩ አድርጎ በብረት መጋዝ ሰንጥቆ በስለታም መሮ መክፈል ነው፤ ዓይን በመነጽር ይሸፈን። ዳዶ ርካሽ ነው፤ ፊሌቶውን መጋዝ ያገኘው ቡሎን ግን መለወጥ አለበት።

ጎማው ሳይወልቅ ዳዶን በኦክሲጅን እሳት ማጋልን ወይም በላዩ ሌላ ዳዶ መበየድን አጥብቀን እንቃወማለን። ሙቀቱ በቸርኬው በኩል አልፎ ጎማውን ከውስጥ ሲያግለው ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣል፤ ጎማው ሊፈነዳና በአጠገቡ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። ነፋሱን ማስተንፈስ ብቻውን አደጋውን አያስወግድም። ይህ በየመንገዱ ስለሚደረግ ቀላል ነገር መስሎ መታየቱ ያሳስበናል።

ቡሎን ቢቆረጥ

የተቆረጠ ቡሎን ከነጭነቱ ወደ ዲላ «እስክንደርስ» ተብሎ የሚነዳበት አይደለም። ሸክሙ በቀሩት ላይ ስለሚወድቅ እነርሱም በተራ ይቆረጣሉ፤ ቁልቁለት ላይ የወለቀ ጎማ ደግሞ እግረኛ አይመርጥም። ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና ይዛወር። አዲስ ቡሎን ሲገባ በግራና በቀኙ ያሉት ጎረቤቶቹም አብረው ይለወጡ፤ በዓይን ባይታወቅም ተለጥጠዋልና። የግራውን ጎን ቡሎን ከቀኙ ጋር እንዳያምታቱ ሲገዙ ፊደሉን ይመልከቱ።

መልሶ ሲታሰር የቸርኬውና የሞዞው መገናኛ ከጭቃ፥ ከዝገትና ከቀለም ይጽዳ፤ በዚያ ላይ ግራሶ አይቀባም። ዳዶዎቹ መጀመሪያ በእጅ ይገባሉ፤ ከዚያም አንዱን ከትይዩው እያሻገሩ በየጥቂቱ ያጠብቋቸዋል። ሁለት ዓይነት ዳዶ ባለው ጥንድ ጎማ የውስጡ ዳዶ ይቀድማል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሁሉም እንደገና ይፈተሻሉ። የውስጡን ለመፈተሽ የውጭውን ማላላት ያስፈልጋል፤ ይህም አንዱ ተፈትሾ ከታሰረ በኋላ ወደሚቀጥለው እየታለፈ በየተራ ይደረጋል።