ቃጫ ካያክ ይሆናል ወይ?

የጌዴኦዋን ባንኮ ጎቲቲን ዓለም የሚያውቃት በቡናዋ ነው። ከቡናው ጎን ግን እንሰት ይበቅላል፤ ሁለቱን አዋዶ የሚያኖረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እንሰቱ ለቆጮ ሲፋቅ የሚቀረው ቃጫ ገመድና ጆንያ ይሆናል። ጀልባስ? ጥያቄው የቅዠት አይደለም፤ ካያክ ከሚባሉት የቀዘፋ ጀልባዎች ቀላል የሆኑት ብዙዎቹ ክርና ሙጫ ናቸው። ክሩ ጉተታውን ይሸከማል፣ ሙጫው ክሮቹን አጣብቆ ውኃ ይከለክላል።

ከክሮቹ ካርቦን እጅግ ቀላልና ግትር ነው፤ ድንጋይ ሲመታው ግን በድንገት ይሰነጠቃል። ኬሚስቷ ስቴፋኒ ክዎሌክ በ1965 ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ የደረሰችበት ኬቭላር ሙጫው ቢሰነጠቅ እንኳ ክሩ ስለማይበጠስ ቀዛፊውን ዳር ያደርሳል። ፀሐይ ግን ያደክመዋል፣ ውኃም ይመጥጣል፣ ሲሞረድ እየተንጨባረረ ጠጋኙን ያስመርራል። ፋይበር ግላስ ከሁለቱም ይከብዳል፤ ሆኖም ከካርቦን የበለጠ ተለጥጦ ነው የሚበጠሰው፣ ዋጋው ይቀላል፣ ስንጥቁንም ጨርቅና ሙጫ ያገኘ ሰው በጓሮው ይደፍነዋል። ድንጋይ በበዛበት ውኃ፣ ጠጋኝም ሩቅ በሆነበት አገር የምመርጠው እሱን ነው።

ደግሞም የክር ጥንካሬ ብቻውን ዕድሜ አይሰጥም። አሳሹ ቶር ሄየርዳል በ1969 ከጣና ሐይቅ ደንገል አስመጥቶ ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ፤ የሠሯትም የቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች ነበሩ። አትላንቲክን ሳትጨርስ ተፈታታች። በዓመቱ የቲቲካካ ሐይቅ አይማራዎች ከደንገል በሠሯት «ራ 2» ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። ደንገሉን የሚያያይዘው እስር ተለውጦ ነበር።

ቃጫም የሚፈተነው እዚሁ ላይ ነው። ጥንካሬው የመርከብ ገመድ ከሚሠራበት የእንሰት ዘመድ፣ ከፊሊፒንሱ አባካ ጋር ይነጻጸራል። ነገር ግን ውኃ ይጠጣል፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እየዋለ እያደረ ከሙጫው ይላቀቃል። በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ የክሩን ሽፋን አንሥቶ ሙጫው አጥብቆ እንዲይዘው ይረዳል፤ ውኃ መጠጣቱን ግን አያስቀረውም። ስለዚህ የቃጫ ካያክ የሚሞክር ሰው ቃጫውን መሃል አድርጎ ከውጭም ከውስጥም ፋይበር ግላስ ቢያለብሰው ይሻላል። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ፣ መቀመጫው የሚታሰርበትን የብሎን ቀዳዳ ሳይቀር፣ በሙጫ ይድፈነው፤ ውኃ ቀድሞ የሚገባው በእነዚያ በኩል ነው።