ስንዴ ሙቀትን የሚቋቋመው በምንድን ነው?

በአፋር፣ በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ የሚለማው ስንዴ የሚዘራው ቀዝቀዝ ባሉት ወራት ነው። ስንዴ የደጋ ሰብል ስለሆነ ቆላ ሲወርድ ሙቀት ይፈታተነዋል። ከብት ፀሐይ ሲበረታበት ጥላ ይፈልጋል፤ ስንዴ ግን ባለበት ቆሞ ይቀበለዋል። መከላከያው ያለው በሴሎቹ ውስጥ ነው።

ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው ቅርጹን እስከያዘ ድረስ ብቻ ነው። ሙቀት ሲበዛ ቅርጹ ይፈታና እንደ ተቀቀለ እንቁላል እርስ በርሱ ተጣብቆ ይረጋል። ይህን የሚከላከሉ ኤችኤስፒ70 እና ኤችኤስፒ90 የሚባሉ ጠባቂ ፕሮቲኖች አሉ። በደህናው ጊዜ እነዚህ ጠባቂዎች ኤችኤስኤፍኤ1 የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ይዘው ሥራ ያስፈቱታል። ሙቀት መጥቶ ፕሮቲኖች መፈታታት ሲጀምሩ ጠባቂዎቹ ወደ ተጎዱት ይዞራሉ፤ ኤችኤስኤፍኤ1 ይለቀቃል። ወደ ኒውክለስ ገብቶም ጠባቂዎችን የሚያሠሩትን ጂኖች ይቀሰቅሳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ አዳዲስ ጠባቂዎች መመረት ይጀምራሉ። ቁጥራቸው ሲበቃ መልሰው ይይዙታል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ጉዳቱ ራሱ የአደጋ ደወል ሆኖ ያገለግላል።

ከእነሱ መካከል ኤችኤስፒ101 የረጉትን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ መዝዞ ይለያያል። ቀስ በቀስ ሙቀት የለመደ ተክል፣ ድንገት የደረሰበትን ተክል የሚገድል ሙቀት የሚያልፈው በአብዛኛው በዚህ ፕሮቲን ነው።

ይህ ሥርዓት መጀመሪያ የታየው በተክል ላይ አልነበረም። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት በሙቀት የተነቃቁ የፍራፍሬ ዝንብ ጂኖችን የሚመለከት ነበር። በሰውም ውስጥ ተመሳሳይ ሥርዓት አለ።

ጠባቂዎቹ ግን ሁሉንም አያድኑም። ቅጠል ምግቡን እንዲያዘጋጅ የሚረዳው ሩቢስኮ አክቲቬዝ የተባለ ፕሮቲን ለሙቀት ቶሎ ይሸነፋል። ከሁሉ የሚብሰው የአበባው ብናኝ ነው። ስንዴው ከማበቡ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ብናኙ በሚፈጠርበት ጊዜ ሙቀት ከመታው ብናኙ ይመክናል። ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ሳለ ዛላው ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሙቀት የሚችል ዝርያ የሚመርጥ ሰው በቅጠሉ ልምላሜ አይታለል፤ ዛላውን ፈልፍሎ ፍሬውን ይቁጠር። ገበሬውም ዘሩን አያዘግይ፤ የአንድ ሳምንት መዘግየት አበባውን ወደ ሙቀቱ ያስጠጋዋል።