ባለ ባትሪ ስኩተር የት ይደር?

በብሪታንያ ከተሞች የእግረኛ መንገድ ላይ ዕድሜያቸው የገፋ ወይም እግራቸው የደከመ ሰዎች በአነስተኛ ባለ ባትሪ ተሽከርካሪ ተቀምጠው ወደ ገበያ ወይም ወደ ሐኪም ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ተሽከርካሪው ስኩተር ይባላል። በአገሪቱ ሕግ መሠረት በእግረኛ መንገድ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ6.4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በመኪና መንገድ እንዲሄድ የተፈቀደለት ዓይነት ደግሞ እስከ 12.9 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለባለቤቱ ስኩተሩ እግሩ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሲመሽ ነው። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ የሚኖሩት የአካባቢ መስተዳድር ወይም የቤቶች ማኅበር በሚያከራየው ፎቅ ነው። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ስኩተሩ በጋራ መተላለፊያው ላይ ይቆማል፤ ባትሪውም እዚያው ሲሞላ ያድራል። አከራዩ «አንሡ» ይላል፤ ተከራዩም «የት ልውሰደው?» ሲል ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፋችን ክርክሩን በፊዚክስ ዓይን እንመለከተዋለን።

ክብሪቱና ማገዶው

ብዙ ሰው አደጋው ሁሉ ከባትሪው የሚመጣ ይመስለዋል። እስቲ እናስላው። አንድ ስኩተር እያንዳንዳቸው 12 ቮልትና 50 አምፔር-ሰዓት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘውለታል እንበል። ያከማቹት ጉልበት 24 × 50 = 1,200 ዋት-ሰዓት ወይም 4.3 ሜጋ ጁል ያህል ነው። የወንበሩ ስፖንጅ የሚሠራበት ፖሊዩሬቴን ግን አንድ ኪሎ ግራሙ ሲቃጠል 25 ሜጋ ጁል ገደማ ይለቃል። ስለዚህ በሁለቱ ባትሪዎች ያለው የኤሌክትሪክ ጉልበት ከ200 ግራም ስፖንጅ ያንሳል ማለት ነው። የሊትየም ባትሪ ሲቃጠል ካከማቸው የኤሌክትሪክ ጉልበት በላይ ሙቀት ቢሰጥም፣ ከወንበሩ፣ ከፕላስቲክ ሽፋኑና ከጎማው ድምር ጋር አይስተካከልም። ባትሪው ክብሪት ነው፤ ማገዶው የተቀረው አካል ነው። ባትሪው ባይነካ እንኳ ከሌላ ቦታ በመጣ እሳት ስኩተሩ ሊቀጣጠል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከእሳቱ ጭሱ

በቤት ቃጠሎ ከነበልባል ይልቅ ጭስ ብዙ ሰው ይገድላል። 20 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ስፋትና 2.4 ሜትር ከፍታ ያለው መተላለፊያ 72 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አንድ ኪሎ ግራም ስፖንጅ ሲነድ 100 ግራም ያህል ጥላሸት ያወጣል ብለን እንነሣ። ጥላሸቱ በእኩል ቢሰራጭ በአንድ ሜትር ኩብ 1.4 ግራም ይደርሳል። አንድ ግራም የእሳት ጥላሸት 8.7 ሜትር ካሬ ያህል ብርሃን እንደሚጋርድ ይታወቃል። በዚህ ስሌት ብርሃን አንድ ሜትር ተጉዞ የሚቀረው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የተዘረጋ እጅ አይታይም፤ የመውጫ በርማ ከቶ አይታሰብም። የነደደው 100 ግራም ብቻ ቢሆን እንኳ የሚታየው ርቀት ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ይወርዳል።

በለንደን የግሬንፌል ሕንፃ እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የቃጠሎው መነሻ ስኩተር አልነበረም፤ ሆኖም ብቸኛው ደረጃ በጭስ ሲሞላ ምን እንደሚከተል ለዓለም አሳይቷል።

እሳቱ እንዴት ይጫራል?

በሊትየም ባትሪ ውስጥ አንድ ሴል ቢጎዳ ወይም ከልክ በላይ ቢሞላ ሙቀት ይፈጠራል። ወደ ውጭ የሚወጣው ሙቀት ከአካባቢው ጋር ባለው የሙቀት ልዩነት ልክ ሲያድግ፣ በኬሚካዊው ሂደት የሚፈጠረው ግን በኤክስፖኔንሻል ያድጋል። ሁለቱ መስመሮች ከተሻገሩ በኋላ መመለሻ የለም፤ ትኩሳቱ ወደ ጎረቤት ሴሎች ይዛመታል።

የእርሳስ ባትሪ ጠባይ ሌላ ነው። መሙያው ተበላሽቶ በሞላ ባትሪ ላይ 2 አምፔር መላኩን ቢቀጥል፣ በ12ቱ ሴሎች ውስጥ ውኃ እየተከፈለ በሰዓት 10 ሊትር ገደማ ሃይድሮጅን ሊወጣ ይችላል። አየር በማይገባበት የአንድ ሜትር ኩብ ቁም ሣጥን ውስጥ ይህ በአራት ሰዓት 4 በመቶ፣ ማለትም ሃይድሮጅን መንደድ የሚጀምርበት መጠን ይደርሳል። የታሸጉ ባትሪዎች አብዛኛውን ጋዝ መልሰው ውኃ ያደርጉታል፤ ቢሆንም አየር ማናፈሻ አስፈላጊ ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው?

በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የእሳት ደኅንነት ድንጋጌ ማምለጫ መንገዶች ከመሰናክል ነጻ እንዲሆኑ ያዛል። እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች ተገቢው ማመቻቸት እንዲደረግ ይጠይቃል። ስኩተሩን መከልከል ሁለተኛውን ይጎዳል፤ በመተላለፊያው ላይ መተው የመጀመሪያውን ይጥሳል።

ሁለቱንም የሚያስታርቀው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማደሪያ ነው። ግድግዳውና ራሱ የሚዘጋው በሩ እሳትን ለተወሰነ ጊዜ የሚያግዱ፣ ጭስ ጠቋሚና አየር ማናፈሻ ያለው፣ ከደረጃው የተለየ ክፍል ሊሆን ይገባል። ባትሪው ከራሱ መሙያ ጋር፣ ሰው ነቅቶ ባለበት በቀን ቢሞላ ይመረጣል። ማደሪያው ከሕንፃው ውጭ ከሆነ ከመስኮት ይራቅ፤ ከብርድም ይጠበቅ፤ የሊትየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሞላ በውስጡ ብረታዊ ሊትየም እየተጋገረ አደጋ ያስከትላልና። ከሁሉም በላይ ግን ቅርብ ይሁን። ሃምሳ ሜትር መራመድ የማይችል ሰው ሃምሳ ሜትር የራቀ ማደሪያ ቢሰጠው፣ ስኩተሩ ነገ ወደ መተላለፊያው መመለሱ አይቀርም።

ይህ ጉዳይ የእነርሱ ብቻ አይደለም። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ባለ ባትሪ ተሽከርካሪ ወደ ኑሯችን እየገባ ነው። ባለ ባትሪ ሞተር ሳይክል ወይም የአካል ጉዳተኛ ወንበር በኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ሲሞላ ቢያድር፣ የጥላሸቱ ስሌት ከላይ ካየነው አይለይም። እንግዲህ ነገ ሕንፃ የምትነድፉ ተማሪዎች ሆይ፣ የመኝታና የማብሰያ ክፍሎችን ስትስሉ «ባትሪው የት ያድራል?» የሚለውን ጥያቄ ከወዲሁ በወረቀታችሁ ላይ መልሱት። ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚገኘው መልስ ውድ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉትም አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ መውረድ የማይችሉት ናቸው።