ጉና ሥር የሚረባው ዓሣ ምን ይበላል?

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የዓሣ ኩሬ ወሬ ከጣና ዳር ተነሥቶ ደጋው ድረስ ወጥቷል። ኩሬ ተቆፈረ፣ ጫጩት ተጨመረ ሲባል እንሰማለን። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ግን ብዙም አይወራም። በኩሬ ያደገ ዓሣ ለጤና ይስማማል ወይ? አንዳንዱ ኩሬስ በዓመቱ ለምን ባዶ ይቀራል?

ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች የታወቁ ናቸው፦ ጫጩት እንደ ልብ አይገኝም፣ በበጋ ውሃ ይጎድላል፣ ሕዝቡ ዓሣ መብላት አልለመደም። ሁሉም እውነትነት አላቸው። እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ ችላ የተባለው መኖው ነው ባይ ነኝ፤ በተለይ መኖና ብርድ ሲገናኙ የሚሆነው ነገር።

በኩሬ በብዛት የሚረባው ቆሮሶ የሞቀ ውሃ ዓሣ ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውሃ በደንብ ይበላል፣ በደንብም ያድጋል። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ መራባቱን ያቆማል፤ ወደ 16 ሲጠጋ መብላቱንም ይተዋል፤ ከ12 በታች ከቆየ ይሞታል። ጣና 1,800 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነ እዚያ ይህ እምብዛም አያሳስብም። ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ላይ ናት፤ የጉና ተራራ ራስ ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጥልቀት የሌለው ትንሽ ኩሬ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጠዋት መኖ ሲበተንለት ዓሣው አይነካውም። ያልተበላው መኖ ይዘቅጥና ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ያመነጫል፣ ኦክስጅንም ይጨርሳል። በዚህ ከፍታ ደግሞ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ከሩብ በላይ ስለሚያንስ፣ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ከመነሻው ያነሰ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚታየው ምልክት ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ዓሦቹ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ርቧቸው ነው ብሎ መኖ የሚጨምር ሰው ያፍናቸዋል፤ የቸገራቸው አየር ነውና። በብርድና በቆሸሸ ውሃ የተዳከመ ዓሣ ሰውነቱ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ያወጣል፣ ቆዳው ይቆስላል። ያን ጊዜ መድኃኒት ፍለጋ ይጀመራል። የበሽታው ሥር ግን የመኖው አሰጣጥ ላይ ነው።

ጊዜውም አያግዝም። በክርስቲያኑ አገር ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ገበያው የሚደራው በዐቢይ ጾም ነው። ለየካቲትና ለመጋቢት ገበያ ዓሣ ማድረስ የሚፈልግ አርቢ መኖ የሚያበዛው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። እነዚያ ወራት ደግሞ ለደጋ ኩሬ እጅግ ቀዝቃዛዎቹ ናቸው።

በግሪክና በቱርክ ዳርቻዎች ሲባስ የተባለውን የባሕር ዓሣ የሚያረቡ ድርጅቶች ከወጪያቸው ግማሽ ያህሉ የመኖ ነው። የዕለቱን መኖ የሚመጥኑት የውሃውን ሙቀትና የዓሣውን ክብደት ለክተው ነው። እኛ ዘንድ የኩሬ ድጋፍ ሲባል የኩሬ ንጣፍ ፕላስቲክና ጫጩት ይታሰባል። የውሃ ቴርሞሜትር ከሁለቱም የረከሰ ዕቃ ነው።

ሁለተኛው የመኖ ጉዳይ ሻጋታ ነው። በአካባቢው የሚገኘው መኖ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ነው፤ ወደ ፎገራ ሲወረድ ደግሞ ከወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች የሚወጣው የሩዝ ፉርሽካ አለ። የሩዝ ፉርሽካ ቅባት ስላለው ቶሎ ይከረፋል። የኑግ ፋጉሎ እርጥበት ካገኘው አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ያፈራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች የአውሮፓን የአፍላቶክሲን ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ዋናው የመርዙ ምንጭ ላሞቹ የበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። በዓሣ በኩልም ታሪኩ የቆየ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ማራቢያዎች ትራውት የተባለው ዓሣ በጉበት ካንሰር ሲያልቅ፣ መርዙ የተገኘው በጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ውስጥ ነው። ቆሮሶ ከትራውት ይልቅ ይቋቋመዋል። ቢሆንም እድገቱ ይጓተታል፣ ጉበቱ ይጎዳል፣ ለበሽታም ይጋለጣል። የጉና ክረምት ረጅምና ዝናባም መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ መሬት ላይ የተቀመጠ የፋጉሎ ጆንያ በነሐሴ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብደውም።

ለሚበላው ሰው ይህ ምን ማለት ነው? በደንብ የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ ዓሣ ከጥገኛ ትሎችና ከአብዛኞቹ ጀርሞች ነፃ ይሆናል። አፍላቶክሲን ግን በጥብስ አይጠፋም። ሥጋው ውስጥ የሚቀረው ጉበት ውስጥ ከሚቀረው ያነሰ ስለሆነ፣ ጉበቱንና ሆድ ዕቃውን አለመብላት ይበጃል። ኩሬው በዶሮ ኩስ የሚዳብር ከሆነ፣ ዶሮዎቹ አንቲባዮቲክ በሚወስዱበት ጊዜ ኩሱን ወደ ውሃው መጨመር ማቆም ያስፈልጋል። በኩሬ ያደገ ዓሣ በራሱ ክፉ አይደለም። ንጹሕ መኖ ከበላ ለልጆች ከሚገኙ ምርጥ የፕሮቲን ምግቦች አንዱ ነው።

ቆሮሶ ካልቻለ የብርድ ዓሣ ይምጣ የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቋል፤ ብርዱም ይስማማዋል። ነገር ግን ያለማቋረጥ የሚፈስ ንጹሕ ውሃና ከ40 በመቶ ያላነሰ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል። ተራውን መኖ ከሻጋታ መጠበቅ ያቃተን ሰዎች ያንን ከየት እናመጣለን? ከዚህ የሚብሰው ወንዙ ነው። ከጉና የሚነሡት ጉማራና ርብ በክረምት ማብቂያ የጣና ነጭ ዓሣ ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥልባቸው ወንዞች ናቸው። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቻ ቁጥራቸው በእጅጉ አሽቆልቁሏል። ጫጩት የሚበላ እንግዳ ዓሣ ከኩሬ አምልጦ ወደዚያ ቢገባ መመለሻ የለውም።

ስለዚህ የቆሮሶ ኩሬ ቦታው የፎገራ፣ የደራና የሊቦ ከምከም ዝቅተኛው ክፍል እንጂ የደብረ ታቦር ዙሪያ አይመስለኝም። ደጋው ላይ አስቀድሞ ኩሬ የቆፈረ ገበሬ ደግሞ መኖውን ፀሐይ ውሃውን ካሞቀ በኋላ፣ ከቀትር በኋላ፣ ዓሣው ወዲያው በልቶ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይስጥ፤ በብርዱ ወራት ይቀንስ፤ ፋጉሎውን ከመሬት አንሥቶ በቆጥ ላይ ያስቀምጥ፤ የሻገተውን ይጣል። የግብርና ጽሕፈት ቤቶችም በሪፖርታቸው ስንት ኩሬ እንደተቆፈረ ሲጽፉ፣ የኅዳር ጠዋት የውሃውን ሙቀትና የመኖውን ምንጭ አብረው ይጻፉ።