ርካሹ ዴስክቶፕ ነገ ስንት ያስወጣል?

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም የባነርና የመጽሔት ዲዛይን የሚሠራ ወጣት ከቅጥር ወጥቶ በራሱ ስም ለመሥራት ሲነሳ ካፒታሉን ቀድሞ የሚበላው ኮምፒውተሩ ነው። በአዲስ አበባ ገበያ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግሎት ሰጥቶ የመጣ፣ የታወቀ ኩባንያ ስም ያለበት ዴስክቶፕ ሲሆን፣ ሁለተኛው ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተገዝተው የሚገጣጠም ነው። የመጀመሪያው በዋጋ ረከስ ስለሚል ብዙውን ገዢ ይስባል፤ “ሥራ ሲበዛ ግራፊክስ ካርድ ይጨመርበታል” የሚል ማባበያም አይጠፋም። ገዢው የሚቸገረው የጭማሪው ቀን ሲደርስ ነው።

ለአብነት ከ6ኛውና ከ7ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጋር የተሠራው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ይወሰድ። ኮር አይ 7 7700 የተገጠመለት ለቢሮ ሥራ ጠንካራ መሣሪያ ነው። ነገር ግን የቀጭኑ ሳጥን ፓወር ሰፕላይ 180 ዋት ብቻ ነው። ተጨማሪ ገመድ የሌለው ግራፊክስ ካርድ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ቢበዛ 75 ዋት ያገኛል፤ ሳጥኑም ቁመቱ ያጠረ ካርድ ካልሆነ አያስገባም። ፓወር ሰፕላዩ ይቀየር ቢባል ቅርጹም ሶኬቱም ለብቻው በገበያ ከሚሸጠው ባለ 24 ፒን የተለየ ነው። ፕሮሰሰሩ ይቀየር ቢባል ደግሞ 8ኛው ትውልድ የሶኬቱ ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በዚህ ቦርድ ላይ አይሠራም። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ 7700 ደግሞ ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም።

እንዲህ ሲባል ዕቃው አይረባም ማለት አይደለም። ራምና ኤስ.ኤስ.ዲ ይጨመርለታል። የጥሪ ካርድና ባነር ለሚሠራ ዲዛይነር 32 ጊጋባይት ራምና ፈጣን ኤስ.ኤስ.ዲ ከውድ ግራፊክስ ካርድ ይበልጥ ይጠቅሙታል። የሚከስረው በ4ኬ የተቀረጸ ቪዲዮ ላቀናብርበት ብሎ የገዛው ሰው ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭን የመሰሉ ፕሮግራሞች የሥራቸውን ትልቅ ክፍል የሚጥሉት ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነውና።

የብሩ ሒሳብ

ውጭ አገር የተለመደው ምክር “ዛሬ የሚበቃህን ግዛ፣ ሌላው ነገ ይረክሳል” የሚል ነው። ምክሩ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ በዶላር መውረዱን ያያል፤ የብርን መውረድ ግን አያይም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አር.ቲ.ኤክስ 4060 እ.ኤ.አ. በ2023 ገበያ ላይ ሲውል የተተመነለት 299 ዶላር በ57 ብር ሒሳብ 17,043 ብር ነው፤ በ100 ብር ሲሰላ 29,900 ብር ይሆናል። ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ገና አልታከሉበትም። ካርዱ ውጭ አገር ሲሦ ያህል ዋጋ ቢቀንስ እንኳ እዚህ የጠበቀው ሰው አላተረፈም።

ራምም ቢሆን “ነገ ይረክሳል” የሚለውን እምነት አፍርሷል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ አምራቾች ፊታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ወደሚሆን ሜሞሪ በማዞራቸው በዓለም ገበያ ዋጋው አሻቀበ። ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ክሩሻል በሚል ስም ለግል ተጠቃሚዎች የሚሸጠውን ራምና ኤስ.ኤስ.ዲ እንደሚያቆም አስታወቀ።

ምን ይቅደም?

እንዲህ ባለ ገበያ በቅድሚያ በደንብ መገዛት ያለባቸው ሌሎቹን የሚሸከሙት ክፍሎች ናቸው፤ ማዘርቦርድ፣ ፓወር ሰፕላይና ሳጥን። ዛሬ 115 ዋት ብቻ ለሚወስደው 4060 ተብሎ ደካማ ፓወር ሰፕላይ የገዛ፣ ነገ 250 ዋት የሚፈልገውን 5070 ሲያመጣ ሁለቴ ይከፍላል። ለዚህኛው ኤንቪዲያ የሚመክረው 650 ዋት ነው። በመነሻው ላይ የሚጨመረው ልዩነት አነስተኛ ስለሆነ እዚህ ላይ መቆጠብ ቁጠባ አይባልም።

ማዘርቦርድ ሲመረጥ ሶኬቱ ስንት ዓመት ይኖራል የሚለው መታየት አለበት። የኤ.ኤም.ዲው ኤ.ኤም 4 እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2024 አዳዲስ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ወጥተውለታል፤ የኢንቴሉ ኤል.ጂ.ኤ 1700 ግን በ2021 ወጥቶ በ2024 በሌላ ሶኬት ተተክቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው ኤ.ኤም 5 እስከ 2027ና ከዚያም በኋላ እንደሚቀጥል ኩባንያው ተናግሯል፤ የሚቀበለው ግን ዲ.ዲ.አር 5 ራም ብቻ ነው። በእጁ ዲ.ዲ.አር 4 ራም ያለው ሰው በኤ.ኤም 4 መጀመሩ አያስነቅፍም። ባለ 6 ኮሩን ራይዘን 5600 ገዝቶ ሥራው ሲያድግ ባለ 16 ኮሩን 5950ኤክስ ያገለገለ ፈልጎ መተካት ይችላል። ቦርዱ ግን ያንን ፕሮሰሰር የሚሸከም መሆኑ አስቀድሞ መጣራት አለበት። የራም ቀዳዳው አራት ሆኖ በሁለቱ ባለ 16 ጊጋባይት ቢሰካ ሁለቱ ለነገ ይተርፋሉ። ባለ ሁለት ቀዳዳ ቦርድ የያዘ ሰው ግን ሲያድግ የቀድሞውን ማውጣቱ አይቀርም።

ብዙዎች የሚረሱት ማስቀመጫውን ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሦስት ካሜራ አራት አራት ሰዓት ቢቀርጽ አንድ ሠርግ 540 ጊጋባይት ነው፤ አንድ ቴራባይት ሁለት ሠርግ አይችልም። ስለዚህ ፈጣኑ ኤስ.ኤስ.ዲ በእጅ ላለው ሥራ ብቻ ይሆንና ያለቀለት ወደ ሐርድ ዲስክ ይወርዳል። ለዚህም ሳጥኑ ቢያንስ የሁለት ሐርድ ዲስክ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ሙሽሮቹ ገና ያልተረከቡት ቪዲዮ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ዩፒኤስ ሲገዛም መጠኑ የሚሰላው ዛሬ በተገጠመው ካርድ ሳይሆን ወደፊት ሊገባ በታሰበው ነው።