የአጻጻፍ መመሪያ ጥቅም ከውጫሌ ውል አንጻር

የአጻጻፍ መመሪያ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የሞክሼ ፊደላት ምርጫና የሥርዓተ ነጥብ አጠቃቀም ነው። ይሁን እንጂ የመመሪያ ዋና ተግባር አንዱን ጽንሰ ሐሳብ በአንድ ቃል ማጽናትና ቃሉ የሚሸከመውን ኃይል አስቀድሞ መወሰን ነው። ይህ ሳይደረግ ሲቀር የሚደርሰውን ጉዳት የውጫሌ ውል በግልጽ ያሳያል።

ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ውጫሌ ላይ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ተፈረመ። አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስለሚያደርጉት ግንኙነት የሚናገር ነው። የአማርኛው ጽሑፍ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣልያንኛው ደግሞ በኢጣልያ መንግሥት ለመገልገል «ተስማምተዋል» የሚል ግሥ ይዟል። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ግን እንደ ግዴታ ተወሰደ። ኢጣልያም ይህንኑ ይዛ በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በጦርነት ተቋጨ።

ለተርጓሚ ይበልጥ የሚያስተምረው አንቀጽ 19 ነው። ይህ አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የተስማሙ ስለሆኑ እኩል እንደሚታመኑ ይደነግጋል። ልዩነት ቢገኝ በየትኛው እንደሚፈረድ ግን አልተወሰነም።

እንግዲህ አንድ መመሪያ ቢያንስ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ሊወስን ይገባዋል።

ሀ/ ፈቃድንና ግዴታን የሚገልጹ ግሦች። «ይችላል» ፈቃድንም ዐቅምንም ያመለክታል፤ «ይገባል» ደግሞ በምክርና በትእዛዝ መካከል ይዋልላል። ለግዴታ «አለበት» ከተመረጠ በሰነዱ ሁሉ እርሱው ብቻ ይጻፍ።

ለ/ የሚጸናው ጽሑፍ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የመጨረሻውን ሕጋዊ እውቅና ለአማርኛው ቅጂ በመስጠቱ በውጫሌ የታየውን ክፍተት ዘግቷል።

ሐ/ የስሞች አጻጻፍ። ስሙ ራሱ «ውጫሌ» እና «ዉጫሌ» ተብሎ ይጻፋል፤ በጣልያንኛ ደግሞ «ኡቻሊ» ሆኗል። በፊደል ተራ በሚደረደር መዝገብ ውስጥ ካዕቡና ሳድሱ በተለያየ ስፍራ ስለሚውሉ፣ አንዱን የፈለገ ሌላውን ሳያገኝ ይቀራል።

እርግጥ ነው፤ መመሪያ የመንግሥታትን ምኞት አያግድም። የአንቀጽ 17 ጠብም ከቃል ጉድለት ብቻ የመነጨ አይደለም። ነገር ግን የጸና መለኪያ ሲኖር መርማሪው ሁለቱን ጽሑፎች ግሥ በግሥ አስተያይቶ ልዩነቱን ከፊርማ በፊት ሊያሳይ ይችላል። ይህ ጥቅም ለውል ጸሐፊ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ጋዜጠኛውም፣ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁም፣ ደብዳቤ አርቃቂውም ይካፈሉታል። ደንቡን ሆን ብሎ የሚተላለፍ ደራሲ እንኳ አንባቢው የመተላለፉን ትርጉም የሚረዳለት ደንቡ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።