ያውቁ ኖሯል? የዝቋላ ጉድ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ሞጆን እንዳለፉ በስተግራ ይመልከቱ። ከሜዳው መካከል ብቻውን ብድግ ያለው ተራራ ዝቋላ ነው። የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን ጫፉ 2,989 ሜትር ይደርሳል። ከአፉ ላይ ሐይቅ ተኝቷል፤ ዙሪያውን ጥድ ከቦታል፤ ጉሬዛም አይጠፋም።

የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ዝቋላ እንደሚገኝ ያውቁ ኖሯል? የኢትዮጵያን ምድር የነገሩትና በእጃቸው ስለው ያሳዩት የአገሩ ተወላጅ የሆኑ የሃይማኖት ሰዎች መሆናቸውን ራሱ ጽፏል።

ተራራው የሁለት እምነት ደጅ ነው። ገዳሙ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ የ60 አንበሶችና የ60 ነብሮች ባለቤት የአቦ ነው፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምእመናን ይጎርፉበታል። ለኦሮሞ ደግሞ ቱሉ ጩቃላ ነው፤ በበጋው ማብቂያ እርጥብ ሣር ይዘው ወጥተው ዋቃን ዝናብ የሚለምኑበት፣ የኢሬቻ ቱሉ ስፍራ። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው፣ በእኔ እምነት፣ ሁለቱም ወገን ስላከበረው ነው።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከአካባቢው ከተሞች አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተባሉ፤ ኋላም ወደ ጥንት ስማቸው ተመለሱ። የዝቋላን ስም ግን ማንም አልነካውም።

ከተራራው ደቡብ ምሥራቅ ያለው የቆቃ ሐይቅስ? አዋሽን ገድቦ የፈጠረው በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ግድብ የተሠራው ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ነው።

የዝቋላ ጠላት እሳት ነው። በ2000 ዓ.ም. ደኑ ተቃጠለ። በመጋቢት 2004 ደግሞ ዳግም ተነሣ፤ ምእመናንና ወጣቶች ከየከተማው እየወጡ፣ ቅጠል ይዘው፣ አፈር እየበተኑ ከነበልባሉ ጋር ታገሉ። የጥድ ደን ከተቃጠለ ደግሞ በአንድ ትውልድ ዕድሜ አይመለስም፤ አበቃቀሉ አዝጋሚ ነው። ሐዘኑ በዚህ አላበቃም፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የገዳሙ መነኮሳት በታጣቂዎች ተገደሉ።

ለንግሥ ወይም ለኢሬቻ ወደ ዝቋላ የሚወጡ ከሆነ፣ ጧፍዎን አጥፍተው፣ የምግብ ማብሰያዎን ፍም በውኃ አርሰው ይውረዱ። የጥዱን ቅርንጫፍም አይቁረጡ።